ሲያሰላምት ትከሻው አብሮት የሚዞር ልጅ



በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ወይም በጎፋ በሚገኝ አንድ ሙስሊም ቤት ውስጥ የመግሪብ ሶላት ሲሰገድ እናስብ። አባት ከፊት ቆሟል፤ ወንዶቹ ልጆች ከኋላው፣ እናትና ሴቶች ልጆች ደግሞ ከእነርሱ በስተኋላ ተሰልፈዋል። ሶላቱ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ያሰላምታሉ። ከልጆቹ አንዱ ግን ፊቱን ለማዞር ትከሻውንም ደረቱንም አብሮ ያዞራል። እናት ይህን አይታ «ሶላት ላይ ምን ያወዛውዝሃል?» ብላ ትቆጣ ይሆናል። ልጁ መልስ የለውም። አንገቱ እንደልብ መዞር ካቆመ ወራት አልፈው ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ቀስ በቀስ የመጣ በመሆኑ ግን እርሱ ራሱም አላወቀውም።

በዚህ ዕትም ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የመገጣጠሚያ ሕመም ሲይዛቸው ወላጅ የሚያየው ያበጠውን ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ነው። አከርካሪ ግን በሥጋና በልብስ ተሸፍኖ የሚኖር በመሆኑ እብጠቱ ለዐይን አይታይም፤ ልጁም ስለ አንገቱ ወይም ስለ ጀርባው እምብዛም አያማርርም። በዚህ የተነሣ ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ይሁንና ሶላት በሚሰገድበት ቤት አንድ መልካም ዕድል አለ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በየቀኑ በዐይናችን ፊት ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ በግንባሩ ይደፋል፣ ይቀመጣል፣ አንገቱን ግራና ቀኝ ያዞራል። ሐኪምም ልጁን አስቁሞ «እስቲ ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ ዙር» የሚለው ይህንኑ ለማየት ነው።

ቁርጥማት የሽማግሌ ብቻ ነው?

በአነጋገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ይባላል። ሁለቱም የሽማግሌና የአሮጊት በሽታ ተደርገው ስለሚቆጠሩ አንድ ሕፃን እግሩን እየጎተተ ሲነሣ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ሲጫወት ወድቆ ነው»፣ «እያደገ ስለሆነ አጥንቱን ያመዋል» እየተባለ ይታለፋል። አንዳንዱ ቤትም «ዐይን በልቶት ነው» ይላል። እውነቱ ግን ሕፃናትንም፣ ገና ድክ ድክ የሚሉትን እንኳ ሳይቀር የሚይዝ የመገጣጠሚያ ሕመም መኖሩ ነው። ሐኪሞች ከ16ኛው ዓመት በፊት የጀመረውን፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየውንና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለትን የመገጣጠሚያ ብግነት ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ ይሉታል። «ኢዲዮፓቲክ» ማለት ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት ነው። የታወቀው ነገር፣ አላህ (ሱ.ወ) ሰውነትን ከተሕዋስያን እንዲጠብቅ የፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ማጥቃት መጀመሩ ነው። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ከ100,000 ሕፃናት መካከል ከ16 እስከ 150 የሚሆኑት እንደሚይዛቸው ይገምታሉ።

በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ያያቸውን ታማሚ ልጆች ዘርዝሮ ሲጽፍ ከጉልበትና ከእጅ አንጓ ጋር አንገትንም ጠቅሷል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር በብዙ ወላጆች ዘንድ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው ማለት ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ በቤት ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው የጠዋቱ መድረቅ ነው። ልጁ ለሱብሒ ሲቀሰቀስ መገጣጠሚያዎቹ ተሳስረው እንደ ሽማግሌ ተጎብጦ ይነሣል፤ ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ ይይዛል፤ የውዱእ ማሰሮ ማንሣት ያቅተዋል። አንድና ሁለት ሰዓት ካለፈው በኋላ ግን ይፍታታል፤ ዙህር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲያባርር ይታያል። አባት ይህን አይቶ «ለሶላት ሲሆን ያመዋል፣ ለኳስ ሲሆን ይድናል» ቢል አይፈረድበትም፤ ይሁንና ፍርዱ ስሕተት ነው። ጠዋት ደርቆ ሲንቀሳቀሱ መፍታታት የዚህ ሕመም ዋነኛ መታወቂያ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ እንደተገሠጸ አላህ ያውቃል።

አንገት ላይ ምን ይሆናል?

አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። ከላይ ያሉት ሁለቱ ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ጭንቅላታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የምናዞረው በአብዛኛው በእነርሱ መካከል ባለው መገጣጠሚያ ነው። በመካከላቸውም ወደ እጅና ወደ እግር የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ብግነቱ እዚህ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። አንደኛው አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ አንድ አጥንት መሆናቸው ነው፤ ይህ በተለይ ከሁለተኛው አጥንት ጀምሮ ወደ ታች ባሉት ላይ ይታያል። ልጁ አስቀድሞ የሚያጣው ቀና ብሎ ማየትን ነው፤ ጣሪያ ተመልከት ቢሉት ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል እንጂ አንገቱ አይታዘዝም። ሁለተኛው ጉዳት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱን የላይኛ አጥንቶች አጥብቀው የያዙት ጅማቶች በብግነቱ ይላሉና አጥንቶቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። እንዲህ የሆነ አንገት ድንገት ቢወዛወዝ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል።

ሁሉም የታመመ ልጅ ይህ ይደርስበታል ማለታችን አይደለም። አንድ ጉልበት ብቻ ያበጠበት ልጅ አንገቱ የመነካቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ብዙ መገጣጠሚያዎች አብረው ያበጡበት፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳትና ሽፍታ አብሮ የሚመጣበት ልጅ ግን አንገቱ ዘወትር መታየት አለበት። መልካሙ ዜና ሕክምና በጊዜ የጀመሩ ልጆች አንገታቸው እስከመጣበቅ የሚደርሰው ከድሮው ይልቅ ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ለወለምታ ስንቶቻችን ሄደናል። ነገር ግን በመገጣጠሚያ ብግነት የታመመን ልጅ አንገት ማሸት፣ መጎተት ወይም «ቀጭ» እስኪል ማዞር በምንም መልኩ መፈቀድ የለበትም። ከላይ እንዳልነው ጅማቱ የላላ አንገት ከሆነ አንድ ጉተታ ልጁን ለዕድሜ ልክ ሽባነት ሊዳርገው ይችላል። አንገቱ የደረቀ ልጅ ላይ ይህን ለመሞከር የሚፈልግ ዘመድ ቢኖር እናት ደፍራ «አይሆንም» ማለት አለባት። ሒጃማም ቢሆን፣ የመከላከያ ኃይልን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሕፃን ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከሩ አይደረግም፤ ቆዳው ቢመረቅዝ አደጋው ከሌላው ሰው ይብሳልና።

የሚከተሉት ሲታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፦ እጅ ወይም እግር መዛልና መደንዘዝ፣ አካሄድ መንገዳገድ፣ አንገት ሲታጠፍ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ወደ ጀርባ መውረድ፣ ሽንት መቆጣጠር ማቃት። በመንገድ ላይ የልጁን አንገት ማዞር ወይም ማሸት አያስፈልግም፤ ለእርሱ በተመቸው ሁኔታ ደግፎ መያዝ ብቻ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ማደንዘዣ ነው። ልጁ ለቶንሲልም ሆነ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነ በጉሮሮው ቱቦ ለማስገባት አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ስለዚህ ወላጅ ሐኪሙ እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ «ልጄ የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም አለበት፣ አንገቱም ይደርቃል» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት። በክትባት ካርዱ ጀርባ በጉልህ ጽፎ መያዙም መልካም ነው፤ ሁልጊዜ ልጁን የሚያደርሰው አንድ ሰው አይደለምና።

ወገብ፣ ዳሌና እግር

ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች፣ ይልቁንም በወንዶቹ ላይ፣ ሕመሙ ከወገብ በታች አከርካሪና ዳሌ በሚጋጠሙበት ስፍራ ሊጀምር ይችላል። ተረከዝንና የጉልበትን ዙሪያም አብሮ ያማል። እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊት ወደ ንጋት ሲሆን ወገቡን አሞት ይነቃል፤ ተኝቶ ሲያርፍ ይብስበታል፤ ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል። ካልታከመ ጎልማሳ ሲሆን መላ አከርካሪው ሊደርቅ ይችላል። በሩኩዕ ጊዜ ይህ ይታያል፤ ልጁ የታጠፈ ይመስላል እንጂ የታጠፈው ከዳሌው ብቻ ነው፤ ወገቡ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ወይም ዳሌው ራሱ ታሞ ከሆነ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚያጎነብሰው።

ከጉልበት ተነሥቶ ወደ አከርካሪ የሚደርስ ጉዳትም አለ። በሕፃን ልጅ አንዱ ጉልበት ለረጅም ጊዜ ሲያብጥ ወደዚያ የሚሄደው ደም ስለሚበዛ የዚያ እግር አጥንት ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል። ያመመው እግር ይረዝማል ማለት ነው! አንደኛው እግር ሲረዝም ዳሌ ይዘማል፤ ዳሌ ሲዘም አከርካሪ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ጎን ይጣመማል። መፍትሔው አንዳንድ ጊዜ በጣም ቀላል ነው፤ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ልዩነቱን በሴንቲሜትር ለክቶ በአጭሩ እግር ጫማ ውስጥ ወይም ሶል ላይ ከፍታ ይጨመራል። ልኬቱ ከታወቀ ማንኛውም ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። ይሁንና ጫማ ቤት አውልቆ የሚገባ ልጅ በቤት ውስጥ ያው አጭር እግር ላይ እንደሚቆም መዘንጋት የለበትም፤ ለቤት የሚሆን ንጹሕ ነጠላ ጫማ ከፍታ ተደርጎለት ቢለይ ይረዳዋል።

አጥንት የሚያሳሳው መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ለቀረች ሴት ሰጥቶ በቀናት ውስጥ ተራመደች። እርሱና ባልደረቦቹ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን እንደሚያሳብጥ፣ የልጅን ዕድገት እንደሚያዘገይ፣ አጥንትንም እንደሚያሳሳ ታወቀ። ዛሬ በየፋርማሲው የሚገኘው ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አጥንት ሲሳሳ ቀድሞ የሚጎዳው አከርካሪ ነው። አጥንቶቹ በሰውነት ክብደት ተጨፍልቀው ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ የሚያስገርመው አንዳንዱ ልጅ ምንም ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ቁመቱን በየሦስት ወሩ በበር ጉበን ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ መከታተል ይጠቅማል፤ ቁመቱ ካልጨመረ ወይም ካጠረ፣ አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ ይነገር። ይህን ስንል «ፕሬድኒሶሎን መርዝ ነው» ማለታችን አይደለም፤ ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። አደጋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሻሻል ስላመጣ ብቻ እየገዙ መቀጠል ላይ ነው። እንደዚሁም ለሳምንታት የወሰደው ልጅ በአንድ ቀን ቢያቋርጥ በብርቱ ሊታመም ስለሚችል፣ መጠኑ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ሕመሙን ከሥሩ ለመቆጣጠር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ነው። እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉ አጥብቀን እንለምናለን፤ ይህ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። በስሕተት በየቀኑ የሰጠ ወላጅ ልጁን ሊያጣ ይችላል። ቀኑን ለማስታወስ ጁሙዓን መምረጥ ይቻላል፤ ማንም አይረሳውም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባዮሎጂካል የሚባሉ አዳዲስ መርፌዎች መጥተው የብዙ ልጆችን ሕይወት ለውጠዋል፤ በአገራችን ግን ዋጋቸው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ሌላም አለ፤ ይህ ሕመም ያለ ምንም መቅላትና ሕመም የዐይንን ውስጠኛ ክፍል ሊያቆስል ስለሚችል ልጁ ዐይኔን አላለም ብለን ሳንዘናጋ በዐይን ሐኪም መሣሪያ በየጊዜው መታየት አለበት።

ጀርባው የጎበጠ ልጅ ሁሉ ቁርጥማት ይዞት ነውን?

አይደለም። በአገራችን ይህ ጥያቄ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ሥርጭት ከፍተኛ ከሆነባቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት ይላል፤ ቲቢ ደግሞ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይበላል። የአከርካሪ ቲቢ አጥንቱን አፍርሶ ጀርባን ስለት ባለው ጉብታ ያጎብጣል፤ ማታ ማታ ማላብ፣ መክሳትና ቀን ከሌሊት የማይለቅ የጀርባ ሕመም አብረውት ይመጣሉ። ልዩነቱን ማወቁ ለምን ያስፈልጋል? የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ብሎ ፕሬድኒሶሎን የተሰጠው ልጅ በእርግጥ ቲቢ ከሆነ የያዘው፣ መድኃኒቱ መከላከያውን አዳክሞ በሽታውን ያባብሰዋል። መጀመሪያ ግን ሕመሙ ቀለል ስለሚለው ቤተሰቡ ይታለላል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜው ከተጀመረም ይድናል።

ዘግይተው የመጡ ልጆች ምን እንደሚደርስባቸው በአዲስ አበባ በግልጽ ታይቷል። ለሦስት አሥርት ዓመታት በላይ እዚህ የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ በስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ ግቢ በቲቢና በሌላ ምክንያት አከርካሪያቸው ክፉኛ የተጣመመ ልጆችን ከመላ አገሪቱ ይቀበሉ ነበር። በአገር ውስጥ ሊሠራ የማይቻለውን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ጋና ይልኩ ጀመር። በዚያ ኦሄኔባ ቦዋቺ አጄይ የተባሉት ጋናዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም የመሠረቱት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በአክራ የራሱን ሆስፒታል ከፍቷል። ልጆቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጭንቅላታቸው ላይ በተገጠመ ቀለበት አከርካሪያቸው በክብደት ቀስ እየተሳበ ለሳምንታት ይቆያሉ። የአፍሪካ ሐኪም ለአፍሪካ ልጅ እንዲህ ሲሠራ ማየት ያስደስታል። ሆኖም በክኒን ሊቆም ይችል የነበረ በሽታ በባሕር ማዶ ቀዶ ሕክምና ሲያበቃ ማየት ያሳዝናል።

ከቲቢ ሌላ ያልፈላ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስም ትኩሳትና የወገብ ሕመም ይሰጣል፤ የፍየልና የግመል ወተት ሳይፈላ የሚጠጣበት ቤት ለሐኪሙ ይህን ይናገር። ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወርና የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ ልብን የሚያጠቃው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይታከማል።

ወዴት እንሂድ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ መጀመሪያው በር በወረዳው ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ሰው ከዚያ ሪፈር ሳያጽፍ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው አለርት ሆስፒታል ነው፤ ድሮ የሥጋ ደዌ ሕክምና ብቻ ይሰጥ ስለነበር አንዳንድ ሰው ዛሬም ስሙን ሰምቶ ያፈገፍጋል፤ አሁን ግን አጠቃላይ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ነው። የሕፃናት መገጣጠሚያ ሕመምን በቋሚነት ለመከታተል ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይላካል። በዚህ ሙያ ብቻ የሠለጠኑ ሐኪሞች በአገራችን በጣም ጥቂት በመሆናቸው ቀጠሮ ይርቃል፤ መንገዱም ቀላል አይደለም። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በእግሩ ወርዶ፣ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ተንጦ፣ ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ የሚሄድ ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ቀኑ ረፍዶ መገጣጠሚያው ተፍታትቷል። ሐኪሙም ደህና ልጅ ያያል። ስለዚህ ወላጅ ጠዋት ሲነሣ በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጸው፤ ሲሰግድ፣ ሲያሰላምት፣ ደረጃ ሲወርድ። ይህ ከብዙ ማስረዳት ይበልጣል። ስንት ደቂቃ ደርቆ እንደቆየም በደብተር ይጻፍ።

ቤትና መድረሳ

በመድረሳ ልጆቻችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርኣናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ለሰዓታት ይቀራሉ። ለጤነኛ ልጅም ቢሆን ከባድ ነው፤ አንገቱ ወደ ፊት እየደረቀ ለሚሄድ ልጅ ግን ሕመሙ በዚያው በተደፋበት እንዲጣበቅ መንገድ ማበጀት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁርኣኑ በከፍታ ረሓል ላይ ከዐይኑ ትይዩ ይቀመጥለት፤ ልጁ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ይንቀሳቀስ። ኡስታዙ አስቀድሞ ከተነገረው ልጁ ሲነሣ አይቆጣም። ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍትና ለስልክም ይኸው ደንብ ነው። ስልክ ላይ ተደፍተው ለሚያመሹት ለወጣቶቹ ነገሩን ማስረዘም አላስፈለገንም።

ሲተኛ ከፍ ያለ ትራስ አይሰጠው፤ አንገቱ ተደፍቶ ያድራልና። ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግም ለጊዜው ቢያሳርፈው እንኳ ጉልበቱና ዳሌው ታጥፈው እንዲቀሩ ያደርጋል። ፊዚዮቴራፒስቶች ዳሌው እንዳይታጠፍ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ሊያዙ ይችላሉ። አንዳንድ ቤተሰብ በሆድ መተኛት የተጠላ መሆኑን ስለሚያውቅ ይህን ትእዛዝ ይተወዋል። ዑለማዎች ግን ጥላቻ በሚያስፈልግ ጊዜ እንደሚነሣ ያስተምራሉ፤ እዚህ ላይ የሚደረገውም እንቅልፍ ሳይሆን ሕክምና ነው። የሚጠራጠር ሰው ዓሊሙን ይጠይቅና ይረፍ።

እንቅስቃሴ አይከልከል። ያመመውን ልጅ ሶፋ ላይ አስተኝቶ ማስታመም የፍቅር ይመስላል፤ ጡንቻው ግን ይሟሽሻል፤ አከርካሪውም ደጋፊ ያጣል። በለብታ ውኃ ከታጠበ በኋላ አንገቱን ሕመም እስከማይሰማው ድረስ ብቻ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ማንቀሳቀስ፣ መራመድ፣ ከተገኘም መዋኘት ይበጀዋል። ሐኪሙ አንገቱ ልል መሆኑን ከነገራችሁ ግን ከትግልና ከመገለባበጥ ይቆጠብ።

ለአጥንቱ ወተት (የፈላ)፣ እርጎ፣ አይብ፣ ሰሊጥና ጤፍ ይጠቅሙታል። የፀሐይ ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ በአዳማና በዙሪያዋ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ተገኝቷል። ፀሐይ በሞላበት አገር! ሒጃብ የጀመረች ልጅ በቤት በረንዳ ወይም ማንም በማያያት ቦታ እጇንና እግሯን ፀሐይ ብታሞቅ የሚከለክላት የለም።

ለታመመ ልጅ የተሰጠ ገርነት

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሽታን ያወረደው አላህ መድኃኒቱንም እንዳወረደ በመግለጽ እንድንታከም አዘዋል። ስለዚህ ሩቅያ ማድረግ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ መስጠት መልካም ነው፤ ክኒኑን አስቀርቶ ሲሆን ግን ተወኩል አይባልም። ኪንታሮት ያመማቸውን ኢምራን ኢብን ሑሰይንን (ረ.ዐ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንዳስተማሯቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ታዲያ ትልቅ ሰው የተፈቀደለትን ለልጅ መንፈግ ከየት መጣ? አንገቱ የማይዞር ልጅ እስከቻለው ድረስ ያሰላምት፤ አንጓው ያበጠ በመዳፉ ፈንታ በሚመቸው ይደገፍ፤ በግንባሩ መደፋት ያቃተው በምልክት ይስገድ። ለሱብሒ ውዱእ ውኃ ይሞቅለት፤ በሐኪም ምክር ውኃ የሚጎዳው ከሆነ ተየሙም አለ። ረመዳን ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ ግዴታ አይደለም፤ የደረሰውም ቢሆን ታማሚ ከሆነ ሌላ ጊዜ ይከፍላል። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራን ስለሚያቆስል የጦም ነገር ከወሩ መግባት በፊት ከሐኪሙ ጋር ይወሰን።

የመስጊድ ጀመዓዎችም ድርሻ አላቸው። ወንበር የሚቀመጠው ለሽማግሌ ብቻ ስለሆነ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ቢሰግድ ዐይን ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል፤ «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ይበዛል፤ ልጁም በሚቀጥለው ጁሙዓ አፍሮ ይቀራል ወይም እያመመው ይደፋል። በየመስጊዱ ከሶፉ ጫፍ፣ ግድግዳው አጠገብ፣ ለልጅ ቁመት የሚሆኑ ሁለትና ሦስት አጫጭር ወንበሮች ቢቀመጡ፣ ኢማሙም ከኹጥባ በፊት አንድ ጊዜ ስለእነርሱ ቢያስታውቅ ወጪው ጥቂት ነው። እስከዚያው አባት የቤቱን ዱካ ይዞለት ይሂድ።